ወደ ላውደን የወይን ማሳዎች ከጓደኞች ጋር፦ ሁለት ቀን ያለ ጥድፊያ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ የዳለስ አየር ማረፊያ ከኋላ ይቀርና መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። የፈረስ መስኮችና የድንጋይ አጥሮች ይታያሉ፤ ከዚያም በብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ በረድፍ የተተከለው ወይን ይመጣል። ይህ የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ነው። ዛሬ ከ40 በላይ ዋይነሪዎች (ወይን ተሠርቶ የሚቀመስባቸው ቦታዎች) አሉት፤ ቀዳሚው ዊሎክሮፍት በሩን የከፈተው በ1984 ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ስተርሊንግ ለሚኖር ሐበሻ የወይን አገር ደጁ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ሆኖም ብዙ የጓደኛ ቡድን ደክሞትና ራሱን አሞት ይመለሳል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ በአንድ ቀን አራትና አምስት ቦታ ለማዳረስ መሞከር። በቀን ሁለት ዋይነሪ ይበቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቅምሻ በአብዛኛው አምስት ዓይነት ወይን ሆኖ እያንዳንዱ 45 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይቀዳል። ድምሩ 225 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ተኩል ነው። ሁለት ቦታ ሦስት ብርጭቆ፣ ሦስት ቦታ አራት ተኩል ይሆናል። ሰውነት ደግሞ በሰዓት ከአንድ ብርጭቆ ብዙም የበለጠ አያስወግድም። ከዚያም በላይ ከአሥረኛው ወይን በኋላ ከቀዩ ወይን ቆዳና ዘር የሚመጣው ታኒን ምላስን ስለሚያደርቅና ስለሚያደነዝዝ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ የምትከፍሉት ለማትለዩት ጣዕም ነው።

መቼ መሄድ ይሻላል

ለቀሙ በነሐሴ አጋማሽ ግድም በነጮቹ ይጀምርና ቀዮቹ እስከ ጥቅምት ይቆያሉ። ለጾመኛ ቡድን ይህ በደንብ ይገጥማል፦ ፍልሰታ ኦገስት 21 ላይ ያበቃል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኖቬምበር 24 ወይም 25 ነው፤ በመካከሉ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። ጽጌን የሚጾም ጓደኛ ካለ ግን ከኦክቶበር መጀመሪያ በፊት ሂዱ። ቅጠሉ የሚያምረው በኦክቶበር አጋማሽና መጨረሻ ነው፤ ያኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማቆሚያ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ጁላይ ሙቀቱና ወበቁ ከባድ ነው፤ ውጭ ተቀምጦ ቀይ ወይን መጠጣት አይቻልም።

ከሳምንቱ ቀናት ሐሙስን የሚያህል የለም። ብዙዎቹ ዋይነሪዎች ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ሐሙስ ሰው ስለሚቀንስ የሚቀዳላችሁ ሰው ቆሞ ለማውራት ጊዜ አለው። ሐሙስ ፈቃድ ማግኘት ያልቻለ ወይም ሁለተኛው ቀን ዓርብ እንዲሆን የማይፈልግ ጾመኛ ቡድን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥቶ ሰኞ ቢመለስ ከቅዳሜው ይሻለዋል።

አንድ አቅጣጫ ብቻ

ላውደንን እንደ አንድ መንደር አትቁጠሩት። ከሊስበርግ በስተ ሰሜን በሩት 15 ሉኬትስ አካባቢ ታራራና ፋቢዮሊ አሉ፤ በሩት 9 ወደ ሂልስቦሮ ብሮ እና 868 ኢስቴት፤ በሩት 50 ሚድልበርግ ዙሪያ ቦክስዉድ፣ ግሪንሂልና ክሪሳሊስ፤ በሩት 7 ጫፍ ተራራው ላይ ብሉሞንት። ከሉኬትስ ሚድልበርግ ለመድረስ 40 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሩት 15 እና ሩት 9 ባለ አንድ አንድ መስመር ስለሆኑ በዕረፍት ቀን ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ለአንድ ቀን ከአንዱ አቅጣጫ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ትልቅና ሰፊ መቀመጫ ያለው፣ ሌላው ትንሽ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሹን አስቀድሙ፤ በጥሞና የሚቀመሰው እዚያ ነው። መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ መጫወቱ ለትልቁ ይቆይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ሩት 9ን እንመርጣለን፤ ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ቀን ላይ ይታያል።

ስድስት ሰው ልከኛ ቁጥር ነው። ከስድስት ወይም ከስምንት በላይ ከሆናችሁ ብዙ ቦታ ያለ ሪዘርቬሽን አያስተናግድም፤ ቫን ይዞ ለሚመጣ ቡድንም አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ። ስትደውሉ አራት ነገር ጠይቁ፦ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይቻላል ወይ፤ ልጆች ይገባሉ ወይ (ከ21 ዓመት በታች የማያስገቡ አሉ)፤ ዘግይተን ብንደርስ ቦታው ስንት ደቂቃ ይጠበቅልናል፤ የመጨረሻው ቅምሻ የሚቀዳው ስንት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ በአሜሪካ ሰዓት 5 ወይም 6 ላይ ይዘጋሉ። ለጓደኞቻችሁ ሰዓቱን ስትልኩ በሀገራችን አቆጣጠር ይሁን በአሜሪካ በግልጽ ጻፉ። «5 ሰዓት እንገናኝ» የሚለው መልእክት ለአንዱ ረፋድ፣ ለሌላው ማምሻ ሆኖ የጠፋ ሪዘርቬሽን ብዙ ነው።

መታወቂያ ሁሉም ሰው ይያዝ፤ ሽበት ያለበትንም ይጠይቁታል። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ፓስፖርቱን አይርሳ።

ገንዘቡን ከመነሳታችሁ በፊት ሰብስባችሁ ለአንድ ሰው ስጡ። ቅምሻው በብዙ ቦታ ለአንድ ሰው ከ15 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ቲፕና ለጋራ የሚከፈት አንድ ሁለት ጠርሙስ ጨምሩበት። ይህ ካልተደረገ ወረፋ ባለበት ባንኮኒ ላይ «በሞቴ፣ ዛሬ የኔ ነው» የሚለው ትግል ይጀመራል። በመጨረሻም የሚከፍለው አቅም ያለው ሳይሆን እጁ የፈጠነው ይሆናል።

ማን ይነዳል

ይህን ሳትጨርሱ አትነሱ። በቨርጂኒያ ወሰኑ በደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ቢያንስ 250 ዶላር ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱም ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በታክሲ ወይም በከባድ መኪና ለሚተዳደር ሰው ይህ እንጀራውን ማጣት ነው። በቪዛ ላይ ላለ ሰው ደግሞ መያዙ ብቻ ቪዛውን ሊያሰርዝበት ይችላል።

ኡበር ይወስዳችኋል፤ መመለሻው ላይ ነው ችግሩ። ገጠር ስለሆነ መኪና ይጠፋል፤ በአንዳንድ ሸለቆ ስልኩም አይሠራም። ስድስት ሰው ከሆናችሁ ቫን ከነሹፌሩ ለስድስት ሰዓት ተከራዩ፤ ስትዋዋሉ ቲፕና ነዳጅ ተካትቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው መንገድ ተራ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን አንዱ አይጠጣም፣ በሁለተኛው ሌላው። በሃይማኖቱ ወይም በጤናው ምክንያት የማይጠጣ ጓደኛ ሁልጊዜ ሹፌር እንዲሆን ግን አትፍረዱበት፤ እሱም ለመዝናናት ነው የመጣው። ብሉሞንት ከመረጣችሁ እንዲህ ያለው ጓደኛና ልጆች ከመንገዱ ማዶ ባለው እርሻ በየወቅቱ ፍራፍሬ እየለቀሙ ይቆያሉ።

የምግቡ ነገር

ቁርስ ሳይበሉ አይወጣም፤ በባዶ ሆድ የተቀመሰ ወይን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስ ላይ ይወጣል። ከውጭ ምግብ የሚፈቅድ ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የራሳቸው ወጥ ቤት ያላቸው ብዙ ጊዜ አይፈቅዱም፤ የራስ መጠጥ ይዞ መግባት ግን የትም አይቻልም፣ ጠጅም ቢሆን።

የሀገራችን ምግብ ከወይን ጋር አይሄድም የሚሉ አሉ። ከየትኛው ወይን ጋር እንደሆነ ካልተለየ እውነታቸውን ነው። ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የበርበሬ ማቃጠል በአልኮልና በታኒን ይብሳል፤ 14 በመቶ አልኮል ያለው ጠንካራ ቀይ ከዶሮ ወጥ ጋር ሲጠጣ አፍ ያቃጥላል፣ ወይኑም ይመራል። ሁለተኛ፣ እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ምግብ ኮምጣጣነት የሌለውን ወይን ውኃ ውኃ ያሰኘዋል።

ስለዚህ ለዶሮ ወጥና ለቀይ ምስር የሚሆነው ትንሽ ጣፋጭነት ያለው፣ የቀዘቀዘ ነጭ ነው። ቨርጂኒያ ለዚህ የታደለች ናት፦ ፔቲ ማንሳንግ የሚባለው ወይን ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በአካባቢው እርጥበት አይበሰብስም፤ በደንብ በስሎም ኮምጣጣነቱን አይለቅም። አንዳንዱ ዋይነሪ ደረቅ (ስኳር የሌለው) አድርጎ ስለሚሠራው ስትጠይቁ «ትንሽ የሚጣፍጠውን» በሉ። ለጥብስ ካበርኔ ፍራንክ የሚባለውን ቀይ ያዙ። በውስጡ ያለው የአረንጓዴ ቃሪያ ሽታ ከእውነተኛው ቃሪያ ጋር በተፈጥሮ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል የተሠራ ጥብስ ያገኘ ጊዜ ሁለቱም ይደምቃሉ፤ ሚጥሚጣውን ግን ቀንሱ። ለአይብና ለጎመን ቪዮንዬ የሚባለው ነጭ ይሁን፤ በ2011 የቨርጂኒያ መለያ ወይን ተብሎ የተመረጠው ይህ ነው። ሽሮ ከቀዘቀዘ ሮዜ (ፈዘዝ ያለ ሮዝ ወይን) ጋር ይሄዳል።

ክትፎ ጥሬውን ወይም ለብለቡን ይዛችሁ አትሂዱ። ሥጋ ያለበት ምግብ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ዶሮ ወጡ በበረዶ ሳጥን ይሂድና በምታድሩበት ቤት ይሞቅ። ማሳው ላይ የሚበላው እጅ የማያቆሽሽ ይሁን፦ የምስር ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ በርበሬ የሌለው ቆሎ፣ አይብ። እንጀራውን በረዶ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ይደርቃል፤ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በፎጣ ሸፍኑት።

ቅምሻው ላይ

ሽቶ አትቀቡ፤ ከአንድ ሰው የሚመጣ ሽቶ የስድስት ሰው አፍንጫ ይዘጋል። ብርጭቆውን በእግሩ ያዙ፣ የመዳፍ ሙቀት ነጩን ያበላሸዋል። መጀመሪያ ሳታዞሩት አሽትቱ፣ ከዚያ አዙራችሁ እንደገና አሽትቱ፤ ልዩነቱን ጓደኛችሁ ከመናገሩ በፊት ለራሳችሁ ያዙት። ጉንጭ ሙሉ ሳይሆን አንድ ማንኪያ ያህል ጎንጭታችሁ አፍ ውስጥ አዟዙሩ። ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከደረቅ ወደ ጣፋጭ ሂዱ፤ ጣፋጩ ከቀደመ ደረቁ ሆምጣጤ ይመስላል። በየወይኑ መካከል ውኃ ጠጡ።

ያልወደዳችሁትን መድፋት ወይም የቀመሳችሁትን በተዘጋጀው ዕቃ መትፋት ነውር አይደለም። በእኛ ልማድ የተቀዳን መጠጥ መድፋት ይከብዳል፣ እዚያ ግን ዕቃው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ለዚሁ ነው፤ የወይን ባለሙያዎች ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። ለሁለት ሰው አንድ ቅምሻ መካፈልም ይቻላል።

የሚቀዳላችሁን ሰው የትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቁት። በቨርጂኒያ ዓመቱ ከአምራቹ ስም ባልተናነሰ ይወስናል፦ 2018 ዝናቡ አይጣል ስለነበር ቀዮቹ ቀለል ያሉ ናቸው፤ 2019 ሞቃትና ደረቅ ስለነበር ወፍራምና የበሰሉ ናቸው፤ በ2020 የግንቦት ውርጭ ብዙ እንቡጥ አቃጥሏል። የክሪሳሊሱን ኖርተን ካገኛችሁ ቅመሱት። በ1820ዎቹ ሪችመንድ ውስጥ የተገኘ የአሜሪካ ወይን ነው፤ መልኩ እንደ ጽሕፈት ቀለም የጠቆረ፣ ጣዕሙም ከአውሮፓዎቹ የተለየ ነው። ሁሉም አይወደውም።

ማታውና ሁለተኛው ቀን

ሊስበርግ ወይም ፐርሰልቪል እደሩ፤ ለእራት በእግር መሄድ ይቻላል። ቤት ከተከራያችሁ ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉት። ቤት ውስጥ የተቆላ ቡናና ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ ከሰልም በኪራይ ውሉ ሊከለከል ስለሚችል የኤሌክትሪክ ምድጃ ያዙ።

በማግሥቱ ጠዋት ወይን የለም። ከሂልስቦሮ በሩት 9 ትንሽ ሄዳችሁ በሩት 671 ወደ ሰሜን ስትታጠፉ በሩብ ሰዓት ያህል ሃርፐርስ ፌሪ ትደርሳላችሁ። ፖቶማክና ሼናንዶዋ ወንዞች የሚገናኙባት፣ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለመጣል የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ከተማ ናት። መኪናውን ከላይ ጎብኚ ማዕከሉ ጋ አቁማችሁ በአውቶቡሱ ውረዱ፤ ታች ማቆሚያ ፍለጋ ጠዋቱን ይበላዋል። ከሰዓት በኋላ አንድ ዋይነሪ ብቻ፣ ከተቻለ ትናንት የወደዳችሁት ወይን ያለበት፤ መግዣው ያኔ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በሞቅታ የተገዛ ጠርሙስ ቤት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ያሳዝናል፤ ስለዚህ አድራችሁ ግዙ። ብዙ ቦታ ለስድስትና ለአሥራ ሁለት ጠርሙስ ቅናሽ ስላለ በአንድ ሰው ስም ሰብስባችሁ ክፈሉ። ጠርሙሶቹን ባዶ በረዶ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የሞቀ ወይን ቡሹን ይገፋል፣ ጣዕሙም እንደ ተቀቀለ ፍሬ ይሆናል። ተከፍቶ ያልተጨረሰውን በደንብ አስከድናችሁ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ እንጂ ከሰው ጋር አታስቀምጡ። ቤት ስትደርሱ ባለ ቡሹን አጋድማችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ። ለገና ዶሮ የገዛችሁትን ፔቲ ማንሳንግ ደግሞ ከመቅረቡ ሦስት ሰዓት በፊት ፍሪጅ አስገቡት፤ ወጡ ሲጨለፍ አውጥታችሁ አሥር ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ ቅዱት።