ከሰሜን ሸዋ ለመጣችሁ፦ በሆስፒታል አስተርጓሚነት ስለመሥራት

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ ገብታችሁ የመጀመሪያውን ክረምት በመጋዘን ሥራ ካሳለፋችሁ በኋላ፣ «ሁለቱንም ቋንቋ ከቻላችሁ ለምን ሆስፒታል አታስተረጉሙም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ምክሩ መልካም ነው። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚጨነቀው ስለ እንግሊዝኛው ነው፤ እኔ በሥራው ላይ ያየሁት ግን ሰው ይበልጥ የሚሰናከለው በአማርኛው መሆኑን ነው። የእንግሊዝኛው የሕክምና ቃል ተጠንቶ ይያዛል፤ አንዲት የመንዝ እናት ሕመማቸውን የሚናገሩበትን አማርኛ ግን በተሰጡኝ የሥልጠና ወረቀቶች ውስጥ አላገኘሁትም።

የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የሚያቀርቡት በቸርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልል ያዛል፤ በ2010 የወጣውና ብዙዎቻችን ኦባማ ኬር የምንለው ሕግም በአንቀጽ 1557 ይህንኑ በጤናው ዘርፍ አጠናክሮታል። ስለዚህ አገልግሎቱ ለታካሚው በነጻ ነው፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ሕፃን ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምም አይፈቀድም። ይህን ለራሳችሁ ቤትም ያዙት፤ የ11 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የእናቱን የማሕፀን ምርመራ ውጤት እንዲነግራት ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው።

ለብሔራዊው የምስክር ወረቀት ለመቅረብ 18 ዓመት መሙላት፣ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅና ቢያንስ 40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁን አገር ቤት ጥላችሁ ከመጣችሁ ከአሁኑ አስልኩት። ሲሲኤችአይ የተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ኮሚሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ በየቋንቋው የቃል ፈተና ያዘጋጀው ለስፓኒሽ፣ ለዓረብኛና ለማንዳሪን ነው። የእኛ ሰው የሚወስደው በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ኮር ሲኤችአይ የተባለውን የጽሑፍ ፈተና ስለሆነ፣ ያን ፈተና ማለፍ አማርኛችሁ ለታካሚ ይበቃል ማለት አይደለም። ሆስፒታሉ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና የክትባት ማስረጃ ይጠይቃችኋል።

ወደ አማርኛው ልመለስ። ሐኪም የሕመሙን ዓይነት ሲጠይቅ፣ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ይወጋኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይቆረጥመኛል እያለ ለይቶ ይነግረዋል። ከተማ ያደገ አስተርጓሚ ይህን ሁሉ «ያመኛል» ማለት በሆነ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲጠቀልለው ሐኪሙ የሚፈልገው ነገር እዚያው ይቀራል፤ የሚነዝር እግርና የሚቆረጥም እግር የተለያየ ምርመራ ሊያስፈልጋቸው ይችላልና። «ጨጓራ አለብኝ» ወይም «ኩላሊት አለብኝ» ሲሏችሁም የበሽታ ስም ፈልጋችሁ አትስጡ። የተባለውን እንዳለ ተርጉሙና፣ በእኛ ዘንድ ሰው ይህን የሚለው የት አካባቢ ሲያመው እንደሆነ ለሐኪሙ አመልክቱት፤ ጥያቄውን እሱ ይቀጥላል። «ምች መታኝ፣ ዳማ ከሴ ታሽቶልኝ ነበር» ሲባልም እንዲሁ። ከቆላው የመጣ ሰው «ንዳድ» ካለ ግን ዝም ብሎ «ትኩሳት» ተብሎ እንዳይታለፍ ተጠንቀቁ፤ የሚናገረው ስለ ወባ ነው።

ለደም ምርመራ «ጾመው ይምጡ» የሚለው ትእዛዝም ጉድ ይሠራል። ሁዳዴን ሲጾሙ ለኖሩ እናት ጾም ማለት ከሥጋ፣ ከቅቤና ከወተት መከልከል ጭምር ነውና፣ ሽሮ በልተው በንጹሕ ልቡና «ጾሜአለሁ» ይላሉ። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እህል የሚባል አይቅመሱ» ማለት ይሻላል፤ ውኃ ይፈቀድ እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቁት፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ጸበል የሚጠጣ ብዙ ነው።

በሰዓት ጉዳይ እኔው ተሳስቻለሁ። አንዲት አሮጊት ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጠዋት በ8፣ ማታም በ8 ሰዓት እንዲወስዱ አዘዘ፤ እኔም «ጠዋት በ2፣ ማታም በ2 ሰዓት» ብዬ አስተረጎምሁና ሥራዬን የጨረስሁ መሰለኝ። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 8 ነው የሚለው። ቤት ሲደርሱ የልጅ ልጃቸው አንብባ «እማማ፣ እዚህ ላይ 8 ሰዓት ይላል» አለቻቸው። እሳቸውም የሐኪም ጽሑፍ ይበልጣል ብለው በእኛ 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሲውጡ ሰነበቱ፤ የሌሊቱን 8 ሰዓት ግን «ማን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይውጣል» ብለው ተዉት። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘው አንድ ጊዜ ሆኖ መክረሙ የታወቀው በሚቀጥለው ቀጠሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙን አስፈቅጄ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እናገራለሁ፤ ታካሚውም የተባለውን በራሱ አንደበት መልሶ ሳይናገር እንዳንለያይ ሐኪሙን እጠይቃለሁ።

የሙያው ደንብ በተናጋሪው አፍ፣ በ«እኔ» እንድታስተረጉሙ ያዛል። ሐኪሙ ሳንባቸውን እንደሚያዳምጥ ሲናገር «ሳንባዎን ላዳምጥ ነው» ብል፣ «ውይ ልጄ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?» ያሉኝ እናት አሉ። ስለዚህ አስቀድሜ «እማማ፣ እኔ እንደ አፈ ንጉሥ ነኝ፤ ‹እኔ› ስል የሚናገሩት ሐኪሙ ናቸው» እላለሁ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለዩም፤ ወጣቱ ሐኪም አዛውንቱን በስማቸው ቢጠራም እናንተ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ማለታችሁ መጨመር ሳይሆን አማርኛውን በወጉ መናገር ነው። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉትንም እንዳለ ተርጉሙ፤ ሰላምታ እንጂ የጤና ሪፖርት አለመሆኑን ግን ለሐኪሙ ግለጡለት።

ከሁሉ የሚከብደው በኮሪደር ላይ የሚመጣው ልመና ነው። ካንሰር የተገኘባት ታካሚ ልጅ ጎተት ያደርጋችሁና «እኅቴ፣ በሞቴ፣ ያቺን ቃል እንዳትነግሪያት» ይላል። ክፋት የለበትም፤ መርዶ እንኳ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በሚነገርበት አገር ያደገ ሰው ነው። እዚህ ግን ማወቅም ሆነ አለማወቅን መምረጥ የታካሚዋ መብት ነውና ቃል አትግቡ። «የሚነገረውን ሁሉ ማስተርጎም ግዴታዬ ነው፤ ጭንቀትዎን ለሐኪሙ ይንገሩት፣ እኔ አስተረጉምልዎታለሁ» በሉት፤ ሐኪሙም ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ታካሚዋን ራሷን ሊጠይቃት ይችላል። በዚህ ጊዜ ቃል ለስለስ ይበል ብላችሁ «ነቀርሳ» አትበሉ፤ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚታወቀው ለቲቢ ስለሆነ የሳንባ ካንሰር ያለበትን ሰው ከሌላ በሽታ ጋር ታምታቱበታላችሁ። «ፖዘቲቭ» የሚለውንም ሳታብራሩ አትልቀቁት፤ የእኛ ሰው ሲሰማው መጀመሪያ የሚያስበው ኤች አይ ቪን ነው።

ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ ቅዳሜ ያስተረጎማችሁላቸውን ሰው እሁድ ቅዳሴ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ቀድማችሁ «እንዴት ሆነልዎ?» አትበሉ፤ ሂፓ የተባለው እ.ኤ.አ. የ1996 ሕግ የሰውን የጤና ምስጢር ይጠብቃል፣ ሆስፒታል አየኋቸው ማለት ራሱ ምስጢር ማውጣት ነው። ሰሜን ሸዋም የአማርኛ ብቻ አገር አለመሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከፍቼ በኩል የመጡ ታካሚ አማርኛቸው የገበያ ያህል ከሆነ፣ የአፋን ኦሮሞ አስተርጓሚ እንዲጠራላቸው ወዲያው ተናገሩ፣ ክፍያው ቢቀርባችሁም።

ስለ ክፍያው ካነሣሁ፣ ብዙ ጊዜ የምትጀምሩት በኤጀንሲ በኩል በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ራሱን ችሎ በውል እንደሚሠራ ሰው ነው፤ ግብር አይቆረጥላችሁም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ግን የራስ ሥራ ግብር የሚባለው 15.3 ከመቶ ከገቢ ግብሩ ጋር ይመጣባችኋል። አንድ ኤጀንሲ በበረዶ 40 ማይል ነድቼ ከደረስሁ በኋላ ቀጠሮው ተሰርዟል ብሎ ያለ ክፍያ መልሶኛል፤ ውሉን አንብቤው ቢሆን ለተሰረዘ ቀጠሮ እንደማይከፍል ተጽፎ አገኘው ነበር። ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ስረዛ፣ ስለ አነስተኛው የክፍያ ሰዓትና ስለ መንገድ ወጪ ጠይቁ፤ የነዳችሁትንም ማይል ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥታችሁ በደብተር ያዙ።