የመድረክ ሰው ሲሳል ከአፍንጫ አይጀመርም

ካሪካቸር፣ ማለትም የሰውን መለያ አጋኖ የሚያሳይ ሥዕል፣ መሳል የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አፍንጫ ላይ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንዲት ተዋናይት ስስል አፍንጫዋን አስረዘምኩ፣ አገጯን አሾልኩ፣ ትያትሩ ሲያልቅ ወስጄ ሰጠኋት። ረጋ ብላ አየችው። «አፍንጫው የኔ ነው፤ ሴትዮዋን ግን አላውቃትም» አለችኝ። ነገሩ ለሳምንታት ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልክ ነበረች። አስራ አምስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተመልካች አፍንጫዋን ከየት አባቱ ያያል? የሚያየው አቋሟን፣ እጇን፣ አንገቷን፣ ዞር ስትል ሰውነቷ የሚሠራውን ቅርጽ ነው። ከዚያ ወዲህ የመድረክ ሰው ስስል ፊቱን የምነካው በመጨረሻ ነው።

ከተቻለ ትያትሩን ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ቀን እርሳስ አትያዙ፤ ታሪኩ ይዟችሁ ይሂድ። በሁለተኛው ቀን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለምታውቁ ዓይናችሁ ነፃ ይሆናል።

ያኔ መዳፍ የምታክል ደብተርና ለስላሳ እርሳስ ያዙ። 4ቢ ጥሩ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል እስክሪብቶ ይቅርባችሁ። የስልክ መብራትማ ጨርሶ አይታሰብም፤ መድረክ ላይ ላለ ሰው ጨለማው ውስጥ ብልጭ የምትል ነገር ሐሳብ ትበትናለች።

ስለዚህ የምትስሉት ወረቀቱን ሳታዩ ነው። የግራ አውራ ጣታችሁን ወረቀቱ ላይ አሳርፉ። እርሳሱ ከየት እንደተነሳ የሚነግራችሁ እሱ ነው። አንድ አቋም ለአንድ ገጽ፣ ከዚያ ግለጡ። ግማሹ የተጠላለፈ መስመር ሆኖ ይገኛል፤ ግድ የለም። ቃላትም ጻፉበት። የኔ ደብተር ውስጥ «አንገት እንደ ሽመላ»፣ «ከወንበሩ ጫፍ ብቻ»፣ «ሲዋሽ እጁን ኪሱ ይከታል» የሚሉ ነገሮች ሞልተዋል። በኒውዮርክ የትያትር ሰፈር በብሮድዌይ የሚሠሩ ተዋንያንን ከሰባ ዓመት በላይ የሳለው አሜሪካዊው አል ሂርሽፌልድም ጨለማ ውስጥ ነበር የሚነድፈው፤ አንዳንዴ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ጭምር።

የምታድኑት የሚደጋገመውን ነገር ነው። አንድ ጊዜ የታየ እንቅስቃሴ የዳይሬክተሩ ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ጊዜ ከመጣ የሰውየው ነው። አንዲት ድምፃዊት ከፍ ያለውን ድምፅ ልታወጣ ስትል የግራ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ማይኩ ከአፏ ይርቃል። በአንድ ምሽት ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል!

ያቺን ተዋናይት እንደገና ያየኋትም እንዲህ ነው። የሞት መርዶ ሲነገራት አታለቅስም። ሁለቱን ክርኖቿን ወገቧ ላይ ትለጥፋለች፣ አንገቷን ትመዛለች፣ ጣቶቿ ግን ተበታትነው አየር ላይ ይቀራሉ። ታች ተዘግታ ላይ የተከፈተች ጃንጥላ ትመስላለች።

ወደ ሥዕሉ በዚያው ምሽት ተመለሱ፤ ሲያድር ይጠፋል። በመጀመሪያ ከራስ ቅል ተነስቶ ክብደት እስከተሸከመው እግር ድረስ አንድ መስመር ብቻ ጣሉ። የሰውየው ጀርባ ትንሽ ከጎበጠ እናንተ በደንብ አጉብጡት። ከዚያ አንድ ነገር ምረጡና እሱን አግንኑ፣ ሌላውን አሳንሱ። ካሪካቸር የሚለው ቃል የመጣው መጫን ከሚል የጣሊያንኛ ግሥ ነው። ጭነቱን ሁሉም ቦታ ከበተናችሁት የቱ እንደከበደ አይታወቅም። ለተዋናይቷ አንገቷንና ጣቶቿን አስረዘምኩ፣ ከክርን እስከ ወገብ ያለውን ግን ወደ አንድ ጠባብ ግንድ አጠፍኩት።

አልባሳትን አትናቁ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቱሉዝ ሎትሬክ ዘፋኟን ኢቬት ጊልቤርን ደጋግሞ ሲስል ረጃጅም ጥቁር ጓንቶቿን ያዘ። በ1894 ስለ እሷ ባወጣው የሥዕል አልበም ሽፋን ላይ ጓንቶቹ ብቻ አሉ፤ ዘፋኟ የለችም። ያያቸው ሰው ግን የማን እንደሆኑ አይጠፋውም ነበር።

አሁን ፈተናው። ቅርጹን በስስ ወረቀት ገልብጡና ውስጡን በሙሉ ጥቁር ሙሉት። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ትያትሩን ላየ ጓደኛ አሳዩት። «ውይ፣ እሷ ናት!» ካለ ወደ ፊት እለፉ። ካመነታ ፊት ጨምራችሁ አታድኑትም፤ ወደ ጀርባዋ መስመር ተመለሱ። እኔ አንዳንዱን ሰባት ስምንት ጊዜ እመለስበታለሁ።

ፊት ላይ ከመጣችሁ አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። የመድረክ መብራት ራሱ ሥራውን አቅልሎላችኋል፤ ከላይ ሲወርድ ዓይን ጥላ ይሆናል፣ ቅንድብና ጉንጭ ብቻ ይቀራሉ። ያንኑ ሳሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆራጥ ነኝ። የማጋንነው ሰውየው መድረክ ላይ ራሱ የሚሠራውን ነው፤ አካሄዱን፣ አሳሳቁን፣ እጁን የሚወረውርበትን መንገድ። የቆዳ ቀለሙን፣ የዘሩን መልክ ወይም የአካል ጉዳቱን መሳቂያ አላደርግም። እነሱ የጥበቡ አይደሉም። ሰውየውን ለይቶ ለማሳየትም አይረዱም።

ቀለም ስታስገቡ ብዕሩን ከትከሻ አንቀሳቅሱት። ከእጅ አንጓ ብቻ የተነሳ መስመር አጭርና የሚንቀጠቀጥ ይሆናል። ረጅሙን መስመር በአንድ ትንፋሽ ጨርሱት፤ ከተበላሸ በላጲስ ከመታገል አዲስ ወረቀት ማንሳት ይሻላል። ጥቁር ቀለምና ነጭ ወረቀት ለዓመታት ይበቃችኋል። ሂርሽፌልድ ከ1945 ጀምሮ የልጁን ስም፣ ኒና የሚለውን፣ በፀጉርና በልብስ እጥፋት ውስጥ ይደብቅ ነበር። ፀጉርና እጥፋት መስመር እንደልቡ የሚጫወትባቸው ቦታዎች መሆናቸውን ከእሱ ተማሩ። ክንዱን ግን ባዶ ተዉት፤ ባዶው ቦታ ነው እንቅስቃሴውን የሚያሳየው።

ሥዕሉን ከቻላችሁ በእጃችሁ ስጡ፣ ሲያዩትም ፊታቸውን ብቻ አትመልከቱ። ለዚያች ተዋናይት ሁለተኛውን ስሰጣት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ወረቀቱን እንደያዘች ክርኖቿ ቀስ ብለው ወደ ወገቧ ተጠጉ፣ አንገቷም ተመዘዘ።