የማካሮቭ ሽጉጥን ከዝገት መጠበቅና እጀታውን ለእጅ ማስማማት

ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ ወይም በስተምሥራቅ በለገጣፎ በኩል ለሚኖርና ሕጋዊ ፈቃድ ኖሮት ሽጉጥ ለሚታጠቅ ሰው፣ የመሣሪያው ዋነኛ ጠላት ዝገት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሽጉጡ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ፣ ከጋቢ ወይም ከጃኬት ሥር፣ በገላ ሙቀትና በላብ ውስጥ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ባለቤቱ ከውጭው ብርድ ወጥ ወደሚሠራበት ሞቃት ክፍል ሲገባ፣ እንፋሎቱ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ላብ ጨው አለው፤ ጨውና እርጥበት በአንድነት ብረትን በአንድ ሌሊት ሊያዝጉት ይችላሉ። ብዙዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው የሚያስቡት ክሮም ማስነከር ወይም ቀለም መቀባት ነው። በእኔ እምነት ግን ሽፋን ሁለተኛ መከላከያ ነው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ በትክክለኛ ዘይት የታሸና በደረቅ ቦታ የሚያድር ብረት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋናነት ማካሮቭን በማሰብ ነው። በሶቪየት ኅብረት ሠራዊት በ1951 እ.ኤ.አ. የታጠቀው ይህ ሽጉጥ 161 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ባዶውን 730 ግራም ያህል ክብደት ያለው፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ አካሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ መሣሪያ ስለሆነ ለዝገት የተጋለጠ ነው፤ ጥሩ ጎኑ ደግሞ አሠራሩ ቀላልና ለእንክብካቤ የሚመች መሆኑ ነው። እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ለሌሎች የብረት ሽጉጦችም ይሠራል።

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ ሽጉጡ ይቀባበልና የጎረሰ ጥይት አለመኖሩ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ የሚቀባበል ሽጉጥ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹ ከሥራው ጠረጴዛ ርቀው ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ፤ ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ጥይትን ሊያከሽፍ ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ ለደኅንነት ብቻ አይደለም። ሕጉንም ማሰብ ያስፈልጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን በፈቃድ ሥር ያደረገ ስለሆነ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር በሞረድም፣ በብርጭቆ ወረቀትም፣ በወፍራም ቀለምም መነካት የለበትም። ሽጉጡን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ባለቤትም ተቀባዩ መሣሪያ የመጠገን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ዝገቱን ለመፈለግ መጀመሪያ እጀታው ይነሳል። በማካሮቭ ላይ ይህ ቀላል ነው፦ ከኋላ በኩል ያለው አንድ ብሎን በልኩ በሆነ ካቻቢቴ ይፈታል፣ ቤክላይት ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ቡናማ እጀታ ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። ብዙ ባለቤቶች ዓመታት ሙሉ ይህን ብሎን ፈትተው አያውቁም። ከላይ እንደ መስታወት የሚያበራ ሽጉጥ እጀታው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ብረት በቀይ ዱቄት ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል፤ ላብ በእጀታውና በብረቱ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ሰርጎ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለባቸው ቦታዎች የማነጣጠሪያው ሥር፣ የመዶሻው ዙሪያና ገላን የሚነካው የሽጉጡ ጎን ናቸው።

ቀላል ዝገት በጥቂት ዘይት ርሶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በሸካራ የጥጥ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ካልለቀቀ በጣም ቀጭን የሆነ የብረት ሽቦ በዘይት ተነክሮ በቀስታ ይታሽበታል፤ የድስት መፈግፈጊያው ወፍራም ሽቦ ግን ጥቁሩን ሽፋን ከነዝገቱ ገፎ ስለሚወስደው አይሆንም። በረኪና የነካው ጨርቅም ወደ ሽጉጡ መቅረብ የለበትም፤ በረኪና በራሱ ብረትን ያዝጋል። አሮጌና የደረቀ ዘይት ለማስለቀቅ ነጭ ጋዝ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ጋዙ የመከላከያ ዘይቱንም አብሮ ስለሚያጥብ ሽጉጡ ሳይቀባ ማደር የለበትም። ቤንዚን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ፣ ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ቤት ውስጥ ለዚህ ሥራ መጠቀም ተገቢ አይደለም።

ዘይትን በሚመለከት ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዘይት ማጣት ሳይሆን ከተሳሳተ ዘይት ነው። በየቤቱ የሚገኘው የኑግ ዘይት ለብረት የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ተልባ ዘይት ሁሉ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም የሚያጣብቅ ሙጫ ይሆናል። የተጣበቀ ዘይት በጠዋት ብርድ የቃታውንና የመዶሻውን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ አሲድና የካርቦን ብናኝ ስለሚይዝ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ለዕለት እንክብካቤ የሚበቃውና በየሱቁ የሚገኘው ቀጭኑ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው፤ ንጹሕ የማዕድን ዘይት ስለሆነ አይደርቅም፣ አይጣበቅም። ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ በጨርቅ ላይ ይደረግና ውጫዊው ብረት በሙሉ ይታሻል፤ ብረቱ ላይ የሚታይ ፈሳሽ እስከማይቀር ድረስ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የሚቀረው ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ዘይት አቧራና የጨርቅ ብናኝ ይሰበስባል። ብረት በብረት ላይ በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ጥቂት ግራሶ ማድረግ ይቻላል። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚመላለስበት ቀዳዳ ግን ደረቅ መሆን አለበት።

ሽፋኑ በእርግጥ ካለቀና ነጭ ብረት ከታየ፣ ምን ዓይነት ሽፋን እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል። የማካሮቭ ጥቁረት ቀለም አይደለም፤ የብረቱ ገጽ ራሱ በኬሚካል ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ተለውጦ የተገኘ ነው። ስለዚህ ውፍረት የለውም ማለት ይቻላል፣ በራሱም ዝገትን ብዙ አይከለክልም፤ ሥራው ዘይት መያዝ ነው። ትንሽ ጭረት ለመሸፈን በቀዝቃዛው የሚቀባ ማጥቆሪያ ይገኛል፦ ብረቱ ከቅባት ፈጽሞ ይጸዳል፣ ለብ ይደረጋል፣ ማጥቆሪያው ይቀባል፣ በውሃ ታጥቦና ደርቆ ወዲያው በዘይት ይታሻል። ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከልጆች አርቆ መሥራት ግዴታ ነው። ውጤቱ ስስና ቶሎ የሚለቅ ስለሆነ ሙሉ ሽጉጥ በዚህ ማጥቆርን አልመክርም።

ሙሉ ሽጉጥን የማጥቆር ሥራ የሚሠራው ኮስቲክ ሶዳ ባለበት የጨው ገንዳ ውስጥ፣ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህ ከቤት ሥራነት የወጣ፣ ቆዳንና ዓይንን የሚያጠፋ ሥራ ነው። ባለሙያውም ቢሆን በእኛ ከፍታ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ የጨው ገንዳውም ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መፍላቱ ብቻ ሙቀቱ መድረሱን አያሳይም። ቴርሞሜትር የሌለውን ሠሪ ማለፍ ይሻላል። አካላቸው አሉሚኒየም የሆነ ሽጉጦች ከዚህ ገንዳ ውስጥ ከገቡ ይበላሻሉ።

ከማጥቆር ሌላ ያለው የፎስፌት ሽፋን፣ ማለትም ብረቱ በኬሚካል ተነክሮ የሚያገኘው ሽፋን፣ ግራጫና ሻካራ ነው፤ አያምርም፣ ነገር ግን ዘይትን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ በዝናብ ለሚውል ሰው ከሚያብረቀርቀው ይልቅ እሱን እመርጥለታለሁ። ክሮም ጠንካራና ላብን የሚቋቋም ቢሆንም፣ ሞላዎች (ስፕሪንጎች) ክሮም መነከር የለባቸውም፤ በሥራው ወቅት ወደ ብረቱ የሚገባው ሃይድሮጅን ሞላውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ሴራኮት የሚባለው የሴራሚክ ሽፋን በብረት ላይ ሲቀባ አብዛኛውን ጊዜ በ120 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት በኦቨን ይጋገራል፣ ከዝገት ጥበቃውም ከሁሉም የተሻለ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ውፍረት ስላለው ግን በሚንሸራተቱ ክፍሎች ላይ ከበዛ እንቅስቃሴውን ያጠብቃል። የመኪና ስፕሬይ ቀለም ላብና ነጭ ጋዝ ሲነካው ተላልጦ ከሥሩ እርጥበት ያቁራል። ቀለም ለማድረቅ ብረቱን በእሳት ነበልባል ማሞቅ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋ ፈጽሞ አይደረግም።

እጀታን ለእጅ ማስማማት ከመልክ በፊት የልክ ጉዳይ ነው። ባዶውን ሽጉጥ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ ይዘው ይመልከቱ፦ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከእጀታው ጀርባ ጋር ክፍተት ሳይኖረው መግጠም አለበት፤ የአመልካች ጣት ጫፍ ያለ መንጠራራት ቃታው ላይ መድረስ አለበት፤ አውራ ጣትም በግራ በኩል ያለውን መቆለፊያ አያያዝ ሳይቀይር ማግኘት አለበት። ጣቱ ካልደረሰ እጀታው ወፍራም ነው፤ እጁ ከተረፈና ሽጉጡ በእጅ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ቀጭን ነው።

የእንጨት እጀታ ለማሠራት ወይራ ምርጥ ነው፤ ከባድ፣ ጥብቅና በእጅ ላብ የማይሟሽ እንጨት ነው። ችግሩ እርጥብ ሆኖ ከተቀረጸ በበጋ መሰንጠቁ ነው። በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ፣ ከተቆረጠ ዓመት ያለፈው ጣውላ ካልተገኘ ዋንዛን መምረጥ ይሻላል፤ ዋንዛ ለመቅረጽ ይቀላል፣ ቅርጹንም ብዙ አይለውጥም፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት ያስፈልገዋል። አናጺው ሽጉጡን ራሱን ሳይሆን የተነሳውን አሮጌ እጀታ ብቻ እንደ ሞዴል ይውሰድ። የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ በእጀታው ታች ከኋላ በኩል ስለሆነ፣ አዲሱ እንጨት እዚያ ላይ ከወፈረ ካዝናው በችግር ጊዜ አይወጣም። ብሎኑ ከድሮው ከረዘመም ጫፉ የመዶሻውን ሞላ ሊነካ ይችላልና ርዝመቱ አስቀድሞ ይለካ። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉ ይጠረጋል፣ ቀናት ቆይቶ ይደገማል። የተጠረገበት ጨርቅ ተጨብጦ መጣል የለበትም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የታጨቀ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። በውሃ ነክሮ ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

እጀታው እንዳያዳልጥ ከተፈለገ ሥራው በመዳፍና በጣቶች ስፍራ ላይ ብቻ ስስ የመስቀለኛ ጭረት ማውጣት ነው። ጭረቱ ከበዛ ጋቢና ሸሚዝ ይይዛል። አንዳንዶች የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጠው ያለብሱታል፤ መያዣው ይሻሻላል፣ ነገር ግን ጎማው ላብ ስለሚያቁር በየሳምንቱ ማውለቅና ብረቱን መቀባት ያስፈልጋል። ለዚያ ጊዜ ለሌለው ሰው አይሆንም።

ሽጉጡ በቆዳ ማህደሩ ውስጥ አይደር፤ ቆዳ እርጥበትና ጨው ይይዛል። በፍራሽ ሥርም ሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሳጥን ውስጥ ማስቀመጥም ከዝገትም ከልጆችም አያድንም። በተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች ጋር ቢቀመጥ ጥሩ ነው። በክረምት እጀታው በየሁለት ሳምንቱ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ብረት ይታያል። ጥቅምት ላይ አየሩ ሲደርቅ የእንጨት እጀታ ትንሽ ስለሚኮማተር ብሎኑ ይላላል፤ በካቻቢቴ እስኪይዝ ብቻ ይጠበቃል፣ ከዚያ በላይ ከተጠበቀ እንጨቱም ሆነ ቤክላይቱ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ይሰነጠቃል።