ያገለገለ የቤት ስፖርት ማሽን ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገለ ትሬድሚል (የቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን) ወይም የቤት ሳይክል ገዝቶ በሳምንቱ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከግዢው በፊት፣ በሙከራው ሰዓት ነው። ሻጩ ይሰካዋል፣ ቁጥሩ ይበራል፣ የሚራመዱበት ቤልት ይሽከረከራል፣ ገዢውም ገንዘቡን ያወጣል። ሰው ያልወጣበት ማሽን ግን ጤነኛም በሽተኛም ሆኖ ሳለ አንድ ዓይነት ነው የሚታየው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ሆኖ የሚገዛ ሰው ደግሞ ማሽኑ ሲበላሽ መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ስለሚኖርበት፣ ከሌላው ይልቅ አጥብቆ መሞከር አለበት።

ፎቶ አይቶ ቀብድ መላክ

ዕቃው የሚገኘው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ወይም በደላላ ነው። ፎቶ ድምፅ የለውም፣ ሽታም የለውም። ሄደው ማየት ካልቻሉ ቀብድ ከመላክዎ በፊት በቪዲዮ ሦስት ነገር ያስቀርጹ፦ ማሽኑ ቀዝቃዛ እያለ ሲነሣ፤ ከበድ ያለ ሰው ወጥቶበት ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሲራመድ፤ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ገመዱ በሚገባበት አካባቢ የተለጠፈው ሰሌዳ ጽሑፉ እስኪነበብ ቀርቦ። ሻጩ አጭርና የተቆራረጠ ቪዲዮ ብቻ ከላከ ሌላ ዕቃ ይፈልጉ።

«መብራት የለም እንጂ ይሠራል» የሚለውን ቃል መቀበልም ከዚሁ የሚመደብ ስህተት ነው። ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም መብራት እስኪመጣ ይጠብቁ ወይም በሌላ ቀን ይመለሱ። በትንሽ ጀነሬተር የሚደረግ ሙከራም አያስተማምንም፤ ሞተሩ ሲነሣ የጀነሬተሩ ቮልቴጅ ስለሚወርድ ደህናው ማሽን የታመመ ሊመስል፣ የታመመውም በጀነሬተሩ ሊሳበብለት ይችላል።

ባዶውን አስነሥቶ መስማማት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ትሬድሚል ሰው ሳይወጣበት ሲሽከረከር ሞተሩ የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው። ችግሩ የሚወጣው 70 ወይም 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቤልቱን ከስሩ ካለው ጣውላ ጋር ሲያጣብቀው ነው። ስለዚህ የስፖርት ጫማ አድርገው ይሂዱ፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃም ይሞክሩት።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። እግርዎን በሁለቱ ጎኖች ባሉት መቆሚያዎች ላይ ያኑሩ፣ የደህንነት ቁልፉን (ሲነቀል ማሽኑን የሚያቆመውን) ገመድ ከልብስዎ ጋር ያያይዙ፣ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር አስነሥተው ከዚያ ወደ ቤልቱ ይውረዱ። ቁልፉ ከጠፋ ወይም በሽቦ ከተተካ ማሽኑን አይውጡበት። በ3 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተራመዱ ተረከዝዎን ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። ቤልቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ቆም ቆም ካለ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የሚንሸራተተውን ለመለየት ሌላ ሰው ቤልቱን ወደሚያዞረው ፊተኛ ሮለር ይመልከት። ሮለሩ እየዞረ ቤልቱ ከቆመ የላላው ቤልቱ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ሞተሩ እየዞረ ሮለሩ ከቆመ ደግሞ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ አልቋል ወይም ላልቷል።

የቤልቱን ውጥረት የሚያስተካክሉት ከኋላ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ በብዙ ማሽኖች ላይ በባለ 6 ብሩጎላ ይፈታሉ። ሁለቱንም እኩል፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ። ቤልቱ ወደ ግራ ካዘነበለ የግራውን ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ ይመልሰዋል። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ቤልቱን መሐሉ ላይ ይዘው ቢያነሡት ከጣውላው ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ያህል መነሣት አለበት። ጭራሽ የማይነሣ ከሆነ ሻጩ መንሸራተቱን ለመደበቅ ከልክ በላይ አጥብቆታል፤ እንዲህ ያለው ጥብቀት የሮለሩን ኩሽኔታ ይበላል፣ ሞተሩንም ያስጨንቃል።

ከዚያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው እጅዎን በቤልቱና በጣውላው መካከል ያስገቡ። ጣውላው ለስላሳና ትንሽ ቅባት ያለው መሆን አለበት። ደረቅ ከሆነ፣ እግር በሚያርፍበት ቦታ ሽፋኑ ተልጦ እንጨቱ ከወጣ፣ ወይም የቤልቱ ውስጠኛ ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ያለ ቅባት ሠርቷል። ደረቅ ጣውላ ሰበቃውን ይጨምራል፤ ሰበቃው ሞተሩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ በመጨረሻ የሚቃጠለው ሞተሩን የሚቆጣጠረው ውዱ ቦርድ ነው። የሚቀባው ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ብቻ ሲሆን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የሞተር ዘይት፣ ግሪስ ወይም የምግብ ዘይት ቤልቱን ያበላሻል፤ አቧራም ይሰበስባል።

ከ15 ደቂቃ የእግር ጉዞ በኋላ ፍጥነቱን በደንብ ከፍ አድርገው ጥቂት ይሩጡ፤ ከፍታ የሚጨምር ሞተር ካለውም እስከ ጫፍ አውጥተው ያውርዱት። ሲጨርሱ የሞተሩን ክዳን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ማለቱ ደንብ ነው። እጅ የማያስነካ ግለት፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም በክዳኑ ቀዳዳ የሚታይ ብዙ የእሳት ፍንጣሪ ግን የካርቦን (ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) ማለቅ ወይም የሞተር ጉዳት ምልክት ነው። ካርቦን ብቻ ከሆነ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ተመሳሳዩን አስተካክለው ሊያስገቡ ይችላሉ። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ማሽኑ ይነቀል፤ ቦርዱ ላይ የተጠራቀመ ኃይል ስለሚኖርም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ።

ሰሌዳውን አለማንበብ

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን በርካሽ ሲሸጥ ያጓጓል። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከተሰካ ቦርዱ በቅጽበት ይቃጠላል። ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይኖራል፤ ግን ሞተሩ ሲነሣ የሚስበውን እንዲችል 3,000 ዋት አካባቢ መሆን አለበት፤ ራሱም ከባድና ውድ ነው። የማሽኑ ዋጋ ላይ ይህን ሲደምሩት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። 220–240 የሚል ሰሌዳ ያለውን ይፈልጉ።

ሰሌዳው ላይ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። አንዱ የሚችለው የሰው ክብደት ነው፤ 100 ኪሎ የሚል ማሽን ለ95 ኪሎ ሰው አይሆንም፤ በተለይ ሲሮጥ። ከክብደትዎ ቢያንስ 15 ኪሎ የሚበልጥ ይሁን። ሌላው የፈረስ ጉልበቱ ነው። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። «ፒክ» የሚል ቃል የታከለበት ቁጥር ሞተሩ ለአፍታ የሚያወጣው ጉልበት እንጂ ሳያቋርጥ የሚሠራበት አይደለም።

የቤቱን መብራት ሳያዩ ማሽን መግዛት

2 የፈረስ ጉልበት ያለው ትሬድሚል ወደ 1,500 ዋት ይጠጋል። ለስልክና ለቴሌቪዥን በተገዛ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማሽኑም ስህተት የሚል ምልክት አሳይቶ ይቆማል። ሰውም ማሽኑን ይረግማል። ትሬድሚል በቀጥታ ግድግዳ ላይ ባለ፣ ምድር መስመር በተያያዘለትና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በተዘረጋለት ሶኬት ላይ ይሰካ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ እንጀራ እየተጋገረ በአንድ መስመር ትሬድሚል ማስነሣት አይገባም።

ስታብላይዘር ጥሩ ነው፤ ለፍሪጅ የተገዛው ባለ 1,000 ግን አይበቃም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማሽኑም ስለሚቆም፣ በተለይ ምሽት ላይ ሲሮጡ መያዣው እጅዎ በቀላሉ የሚደርስበት ይሁን። ከጠፋ በኋላ ነቅለው ይተዉት፤ መብራቱ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

በእነዚህ ምክንያቶች በጎጃም ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ከትሬድሚል ይልቅ ሳይክል ወይም ብረት እንመክራለን። መራመድና መሮጥ የፈለገ ሰው ማለዳ አብረው ስፖርት ከሚሠሩት የጤና ቡድኖች ጋር መንገድ ላይ መውጣት ይችላል፤ ብረት ማንሣት ግን ያለ ብረት አይሆንም።

ሳይክልን ተቀምጦ ብቻ መሞከር

ሳይክሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ደቂቃ መንዳት ምንም አያሳይም። ፔዳሎቹ ላይ ይቁሙ፣ ግራና ቀኝ ይወዝወዙ። ከዚያ ይውረዱና ሁለቱን የፔዳል ክንዶች ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁ፤ ቋ ቋ ካለ መሐል ያለው ኩሽኔታ አልቋል ወይም ዳዶው ላልቷል።

የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ወደ ግራ በማዞር ነው። ይህን ሳያውቅ በግድ ያሰረ ሰው የክንዱን ጥርስ በልቶታል። እንዲህ ያለው ፔዳል ሲጠብቅ ደህና ይመስላል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ይዘማል። ስለዚህ ፔዳሉን አስፈትተው ጥርሱን ይዩ። አዲስ ፔዳል ሲገዙ ልኩ 9/16 ኢንች ወይም 1/2 ኢንች መሆኑን ያረጋግጡ። ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል ጠጋኞች ስለማይታጡ ፔዳል፣ ኩሽኔታና የፍሬን ገመድ የሚሠራ ይገኛል፤ ይህ የሳይክል ትልቁ ጥቅም ነው።

የማክበጃውን ቁልፍ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያዙሩ። ክብደቱ ካልተለወጠ ወደ ቮላኖው (ፔዳሉ ወደሚያሽከረክረው ከባድ ጎማ) የሚሄደው ገመድ ተበጥሷል ወይም በጨርቅ የሚያዘው ዓይነት ከሆነ ጨርቁ አልቋል። ሁለቱም ይጠገናሉ፤ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ናቸው። ወንበሩን ለክተው ይሞክሩት፦ ተረከዝዎ ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። ለዚያ ሲባል ወንበሩ ከተሰመረበት የመጨረሻ ምልክት በላይ መውጣት ካለበት ሳይክሉ ለእርስዎ ቁመት አልተሠራም።

የብረቱን ቀለም ማመን

የክብደት ሳህኖች ላይ 10 ተብሎ ስለተጻፈ 10 ኪሎ ናቸው ማለት አይደለም፤ በተለይ በፕላስቲክ የተሸፈኑና ውስጣቸው ሲሚንቶ የሆኑት። እህል ቤት ወስደው በሚዛን ያስመዝኗቸው፤ ሁለቱ ጎን ካልተመጣጠነ ትከሻ ይጎዳል። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ውሎ አድሮ ይረግፋል። የቀዳዳውንም ስፋት ይለኩ፦ የቤት ዘንግ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጂም ዘንግ ጫፍ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

በያጅ ቤት በቱቦላሬ የተሠራ ቤንች ጥሩ ሊሆን ይችላል። የሚታየው ብየዳው ነው፦ ዙሪያውን የተበየደ ነው ወይስ በነጥብ ብቻ የተያዘ? አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ስንጥቅ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል በሚስማር ጫፍ ቀለሙን ፈቅፈቅ ያድርጉ። ሰው ከመተኛቱ በፊት ሊያነሡት ካሰቡት በላይ የሆነ ክብደት ማስቀመጫው ላይ ያሳድሩ። በብረት ገመድ የሚሠራ ባለ ብዙ አገልግሎት ማሽን ከሆነ ገመዱ ከማያያዣው የሚገባበትን ጫፍ ይዩ፤ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ገመዱ ይለወጥ። ፑሌጃዎቹ ያልተሰነጠቁ ይሁኑ። በክብደት መምረጫው ፔርኖ ፋንታ ፌሮ ወይም ሚስማር ከገባ አይንኩት።

በወገብ ላይ ታስሮ የሚንቀጠቀጠውን የሆድ መቀነሻ በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፦ ቢሠራም ሆድ አይቀንስም።

ቤቱን አለመለካት፣ ለጉዞው አለመዘጋጀት

ቁመትዎ 1.75 ሜትር ከሆነ፣ የትሬድሚሉ ወለል 20 ሴንቲሜትር፣ ሲሮጡ የሚነሡበት ሌላ 25 ሴንቲሜትር ሲደመር 2.20 ሜትር ይሆናል። ዝቅ ያለ ኮርኒስ ያለው ቤት ውስጥ ጭንቅላት ይመታል። ከኋላ 2 ሜትር፣ ከጎን ግማሽ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። ወለሉ ደልዳላ ካልሆነ አራቱ እግሮች እኩል አይቆሙም፤ ቤልቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ማሽን ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ መንገጫገጩ አይቀርም። የሚታጠፈው ክፍል በገመድ ይታሰር፣ ስክሪኑ ተነቅሎ ለብቻው በብርድ ልብስ ይጠቅለል። «እዚያ ይሠራ ነበር፣ እዚህ አልሠራ አለ» የሚባለው ማሽን ብዙ ጊዜ ችግሩ በምሰሶው ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ነው፤ መልሶ የሚገጥመው ሰው ሽቦውን በብሎን ቆርጦታል ወይም ሶኬቱን በደንብ አላስገባውም። ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሣ፤ ብሎኖቹና የደህንነት ቁልፉ በአንድ ከረጢት ይግቡ።

በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ሌላው ስህተት ነው። በክረምት እርጥበት ጣውላው ያብጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው በሞተሩ ክዳን ይገባል፤ አይጥም ሽቦ ትበላለች።

ቦርድ በቦርድ ላይ መቀየር

ማሽኑ ቆሞ ጠጋኙ «ቦርዱ ነው» ሲል ሰው ተበድሮም ቦርድ ያስመጣል። አዲሱም በወሩ ይቃጠላል። ቦርድ ብዙ ጊዜ ራሱን አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው የደረቀ ጣውላ፣ ያለቀ ካርቦን ወይም የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ነው። አዲስ ቦርድ ከማዘዝዎ በፊት እነዚህን ሦስቱን ያስመርምሩ፤ ከዚያም የቦርዱን ዋጋ ማሽኑ ከተገዛበት ጋር ያነጻጽሩ። ከግማሽ በላይ ከሆነ ሞተሩን ለሞተር ጠምጣሚ፣ ብረቱን ለበያጅ መሸጥ ያዋጣል።