«ፕሪንሰስ ጄሊፊሽ»ን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቀሚስ የሚለብስ ወንድ ያለበት ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ከተነሳ ጨዋታው ወዲያው «ልጁ ግን ምንድነው?» ወደሚለው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ስለ ታሪኩ የሚያወራ የለም። የአኪኮ ሂጋሺሙራ «ፕሪንሰስ ጄሊፊሽ» ላይ በተደጋጋሚ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ጹኪሚ የ18 ዓመት ልጅ ናት። ሥዕል ሠርታ ለመኖር ከካጎሺማ ወደ ቶኪዮ መጥታለች። ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነፍሷ ነው። የምትኖረው አማሚዙካን በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ፣ እንደሷው ከሰው ከሸሹ ሴቶች ጋር ነው። አንዷ በባቡር ታብዳለች፣ አንዷ በጥንቷ ቻይና የጦርነት ታሪክ፣ አንዷ በኪሞኖ (የጃፓን ባህላዊ ልብስ)፣ አንዷ በዕድሜ ጠና ባሉ ወንዶች። ቤቱ ወንድ አያስገባም። አንድ ምሽት ጹኪሚ በአንድ ሱቅ መስኮት ስታይ፣ አብረው መኖር የማይችሉ ሁለት ዓይነት ጄሊፊሾች በአንድ ገንዳ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሊሞት ነው። ሻጩ አልሰማ ሲላት አንዲት ዘናጭ ሴት መሃል ገብታ ታግዛታለች፤ እሷው ቤት አብራት ታድራለች። ጠዋት ሲነጋ ዘናጯ ኩራኖሱኬ የሚባል ወንድ ሆኖ ይገኛል። የፖለቲከኛ ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ይጀምራል፤ ለኩራኖሱኬ ቶሎ ስም መለጠፍ። ማንጋው ራሱ አይቸኩልም። ቀሚስ ለምን እንደሚለብስ የሚሰጠን ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ልብስ ይወዳል፣ ያውም በጣም። ተለይታው የምትኖረው እናቱ አልባሳት ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ላይ ቀርተዋል። በዚያ ላይ ዘመዶቹ ወደ ፖለቲካ እንዳይጎትቱት መላ ሆኖለታል፤ ዊግ ያደረገ ልጅ ለምርጫ አይቀርብማ። ሦስቱም በአንድ ላይ እውነት ናቸው። ሴት ነኝ አይልም፣ በወንድነቱም አያፍርም፣ የሚያፈቅረውም ሴት ነው። ይህ ለአንዳንዱ አንባቢ አይዋጥም፤ «ያው ደብቆ ነው» ይላል። የተጻፈውን ትቶ ያልተጻፈውን ማንበብ ይሉታል ይሄ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉንም በኩራኖሱኬ መለካት አለ። «ፓራዳይዝ ኪስ» በተባለው ሌላ ማንጋ ውስጥ ያለችው ኢዛቤላ እንደ ሴት የምትኖር ሴት ናት። ልብሱ ለሷ መዝናኛ አይደለም። የዩኪ ካማታኒ ማንጋ «አወር ድሪምስ አት ደስክ» ላይ ያለው ሚሶራ ደግሞ ገና ልጅ ነው፣ የሴት ልብስ ይለብሳል፣ ምን እንደሆነ ግን እንዲጠየቅ አይፈልግም። በቅንነት የሚገፋፋው ታሱኩ በመጨረሻ ክፉኛ ይጎዳዋል። ሦስቱን አንድ ላይ የከመረ ሰው አንዱንም አላነበበም።

ሌላው ስህተት መጽሐፉን የፍቅር ሦስት ማዕዘን ብቻ አድርጎ ማየት ነው። ጹኪሚ፣ ኩራኖሱኬ፣ ታላቅ ወንድሙ ሹ፤ አዎ አለ። ጹኪሚን ከማን ጋር እንደሚያጋቧት ሲሟገቱ የሚያድሩም አሉ። የታሪኩ ሞተር ግን ቤቱ ነው። ሰፈሩ ለግንባታ ሊፈርስ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ የለም፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሚኖሩት ቤተሰብ በሚልክላቸው ነው። ስለዚህ ከጄሊፊሽ ቅርጽ ቀሚስ ሠርተው መሸጥ ይጀምራሉ። ጹኪሚ ትስላለች፣ ኪሞኖ የምትወደው ቺኤኮ ትሰፋለች፣ ረጅሟ ማያያ ሞዴል ትሆናለች። ስለ አዋቂዎች ጓደኝነት እንዲህ በሥራና በቤት ኪራይ በኩል የሚያወራ ማንጋ ብዙ አላየሁም። ደግሞ ሜጂሮ አለች፤ ከክፍሏ የማትወጣ የማንጋ ሠዓሊ። ቤቱ የሚያማክራት በበር ሥር ወረቀት እየሰደደ ነው፣ መልሷም በዚያው ይመጣል። እሷም ሙሉ የቤት አባል ናት፤ ማንም «ውጪ» አይላትም።

መዋብን በተመለከተም የተለመደ አረዳድ አለ፤ «አስቀያሚዎቹ ተኳኩለው ሰው ሆኑ» የሚል። ሴቶቹን የሚኳኩላቸው ኩራኖሱኬ ነው፣ አንዳንዴም ሳያስፈቅድ፤ እዚህ ላይ ያናድደኛል። የእሱ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። የግንባታ ድርጅቱ ሰዎች በቱታ የመጡትን ሴቶች ከቁም ነገር አይቆጥሯቸውም። ልብስ ለእሱ ጥሩር ነው፤ ለብሰህ ትገባለህ፣ ስታወልቀው ያው ራስህን ነህ። ሴቶቹም ቤት ሲመለሱ ወደ ቱታቸው ይመለሳሉ፣ ባቡራቸውንም አይተዉም።

ስለወደድነው ብቻ ሁሉንም ይቅር ማለትም አይገባም። ኢናሪ የምትባለው የግንባታ ሴትዮ ሹን በመጠጥ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አድርጋ ሆቴል ትወስደዋለች፣ ፎቶ አንስታም ታስፈራራዋለች። ማንጋው ይህን እንደ ቀልድ ያቀርበዋል። ሰውየው ሴት ቢሆን ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? በልብስ ጉዳይ ያን ያህል የሚያስተውል መጽሐፍ እዚህ ላይ መሳቱ ይገርማል።

ስለ ጃፓን የሚባለውም ሁለት ጽንፍ አለው። አንዱ «ይህ የአሁን ዘመን ፋሽን ነው» የሚል ነው። ግን ካቡኪ በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር መድረክ ላይ ሴቶች በ1629 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለተከለከሉ ወንዶች የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ ኖረዋል። በታካራዙካ ከተማ ቴአትር ደግሞ ከ1914 ጀምሮ ወንዱንም የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። ታዋቂው የማንጋ ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ያደገው እዚያችው ከተማ ነው፤ በ1953 እንደ ልዑል ለብሳ ስለምትዋጋ ልዕልት ማንጋ ጀመረ። ሌላው ጽንፍ «ጃፓን ሁሉ ነጻ ነው» ይላል። በ2003 የወጣው የጃፓን ሕግ በመዝገብ ላይ ጾታውን መቀየር የሚፈልግ ሰው ያላገባ እንዲሆን፣ ልጅ እንዳይኖረው (ከ2008 ወዲህ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ብቻ)፣ የመውለድ ችሎታውንም በሕክምና እንዲያጣ ይጠይቅ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ያለው በ2023 ነው። መድረክ ላይ መጨብጨብና መዝገብ ቤት ወረቀት ማግኘት ለየቅል ናቸው።

ከማንጋው የተሠራውን የካርቱን ፊልም፣ አኒሜውን፣ አይቶ «ጨርሻለሁ» ማለትስ? በ2010 የወጣው አኒሜ 11 ክፍል ብቻ ነው፤ ማንጋው ግን ከ2008 እስከ 2017 «ኪስ» በሚባለው የአዋቂ ሴቶች መጽሔት ወጥቶ 17 ቅጽ ደርሷል። የቀሚስ ንግዱ በደንብ የሚጦዘው ከአኒሜው በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ሁለቱ ቅጽ በአንድ ተጠርዞ በ9 መጽሐፍ ታትሟል። አኒሜውን ያያችሁ ብትሆኑም ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ፤ ገጹን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብም እንዳትረሱ።