ረቂቅ አዋጅ ስትቃወሙ ደጋግማችሁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የአካባቢና የሕዝብ ደኅንነት ጥበቃን የሚያላላ ረቂቅ መጣ በተባለ ቁጥር ጅማ ውስጥ የሚጻፉ የተቃውሞ ደብዳቤዎች "እስቲ እያቸው" ተብለው እኔ ጋ ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። ግን ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ስለምትወድቁ ዛሬ ልናገር።

ትልቁ ስህተት ረቂቁን ብቻ ማንበብ ነው። ጨርሶ የማያነቡትንማ ተዉአቸው። ጉዳት ተጽፎ አይመጣም፣ ተትቶ ነው የሚመጣው። "ከዛሬ ጀምሮ ወንዝ መበከል ይቻላል" የሚል አንቀጽ አታገኙም። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ፤ የተሻሩ ሕጎች የተዘረዘሩበትን አንቀጽ ፈልጉ። እዚያ የተጠራውን አሮጌ አዋጅ አምጡና ከረቂቁ ጎን ዘርጉት። ከዚያ አንቀጽ በአንቀጽ እያመሳከራችሁ ወደ አዲሱ ያልተሻገረውን በእስክሪብቶ አክብቡ።

የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ውሰዱ። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጎማ ወረዳ ቡና በሚታጠብበት ወራት ፍሳሹ ጠቁሮና ገምቶ ሲወርድ፣ ከታች ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ የሚይዘው ይህንን ነው። አዲስ ረቂቅ መጥቶ ይህን አዋጅ ሽሮ ስለ አቤቱታ ዝም ካለ ያ ገበሬ መጀመሪያ "አንተን ምን አገባህ?" ለሚለው መልስ ሊፈልግ ነው። እናንተ ግን የቅጣቱ ገንዘብ አነሰ እያላችሁ ገጽ ትሞላላችሁ! ከሳሽ ከሌለ ማን ይቀጣል?

አሮጌው በአዋጅ ያሰፈረውን አዲሱ "በመመሪያ ይወሰናል" ብሎ ካለፈውም አክብቡት። መመሪያ ምክር ቤት ሳይደርስ ይቀየራል።

ሌላው መዘግየት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የፌዴራል ረቂቅ ከሆነ ሰዓታችሁ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ስለዚህ ግንቦት ላይ ካልነቃችሁ አበቃ። አንዴ ፊርማ አሰባስበው "ፕሬዚዳንቱ እንዳይፈርሙ" የሚል አቤቱታ ያመጡልኝ ልጆች ነበሩ። ልፋታቸው አሳዘነኝ። የጸደቀ ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምም ሥራ ላይ እንደሚውል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ ተጽፏል።

የፌዴራል ረቂቅ ይዛችሁ ከንቲባ ቢሮ አትሰለፉ። የክልል ከሆነ ወደ ክልሉ ምክር ቤት፣ ወደ ጨፌ ኦሮሚያ ነው።

በአማርኛ ብቻ ጽፋችሁ አፋን ኦሮሞ የሚናገረው የቀርሳና የማና ወረዳ ገበሬ ለምን አልፈረመም አትበሉኝ።

ደግሞ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ "ወጣቱ ሥራ አጥቶ እናንተ እዚህ ጅማ ላለው የቦዬ ረግረግ ትጨነቃላችሁ" ሲል ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ንግግር አትጀምሩ፣ አዳማጭ ታጣላችሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወንዞቻችንን ምን እንዳደረጋቸው አሳትመዋል፣ እሱን አንብቡላቸው። ቀጥሎ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ን አውጡ። ፋብሪካ አይከለክልም፤ ሥራ ሳይጀመር ተጽዕኖው ይጠና፣ ሕዝብም አይቶ አስተያየት ይስጥ ነው የሚለው። በዚያ ላይ አካባቢ ላይ ከባድ ተጽዕኖ የሚያመጣ ሕግም ሳይጸድቅ በፊት እንዲገመገም ያዛል። "የዚህ ረቂቅ ጥናት የታለ?" በሉ፣ ከዚያ ቁጭ በሉ።

"ይሰረዝልን" ብቻ ብሎ መጨረስም አይሠራም። ኮሚቴው የሚገለብጠው ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። "የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ባለበት ይቀጥል" ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉለት። ያንኑ ደብዳቤ ሃምሳ ጊዜ ኮፒ ከማድረግ ደግሞ ከብቱን የሚያጠጣውን ሰው ይዛችሁት ግቡ።