የድሮ ክላርኔቶችን የውስጥ ቦይና የድምፅ ቀዳዳ ለማወዳደር
ክላርኔቱን ፈታትታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የቆየ ቅባት ልኬት ያሳስታል። የእንግሊዙ ፋብሪካ የቡሲ ኤንድ ሆክስ 1010 የተባለው ሞዴል ቦይ ወደ 15.2 ሚሊሜትር ሰፍቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የፈረንሳዩ ፋብሪካ የቡፌ አር13 ሞዴል ግን ከላይ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ 14.6 ገደማ ይጠባል። ስለዚህ አንድ ቦታ ለክቶ መፍረድ ዋጋ የለውም፤ በየ20 ሚሊሜትሩ ለኩ። አሮጌ እንጨት ሞላላ ይሆናልና መለኪያውን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙ። የመለኪያው ብረት ግን ቦዩን እንዳይጭር!

ቀዳዳዎቹን በትንሽ መብራት ከውስጥ እዩ፤ ግርጌያቸው እንደ ደወል ከተከፈተ ከስር ተፍቀዋል ማለት ነው። ጠርዛቸውን በስለት አትንኩ፤ የተፋቀ እንጨት ኖታውን ያሾለዋል (ከትክክለኛው ቅኝት ከፍ ያደርገዋል)፣ አይመለስም።

ስትነፉ 1010ን ለእሱ በተሠራው ባለ ሰፊ ቦይ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ) ሞክሩ። ሌላ ከገጠማችሁ ቅኝቱ ይዛባና ጥፋቱ በከንቱ በቀዳዳዎቹ ይላከካል።